ወለሉ ሳይያዝ ግንቡ አይቆምም፦ በተዳፋት መናፈሻ ውስጥ የተቦረቦረ ጅረትን ስለ ማደስና መንገድን ስለ ማጽናት

በተዳፋት ላይ በሚገኝ መናፈሻ ውስጥ መንገድና ጅረት ብዙውን ጊዜ ጎን ለጎን ይጓዛሉ። ሸለቆው ለውኃው መውረጃ፣ ለመንገደኛውም መውጫ ስለሚሆን መንገድ ቀያሹ ጅረቱን ይከተላል። ዓመታት ሲያልፉ ግን ጉርብትናው ይከፋል። የጅረቱ ወለል ይጎደጉዳል፤ ዳርቻው ይናዳል፤ በመንገዱ ጠርዝ ላይ ከጅረቱ ጋር ትይዩ የሆነ ቀጭን ስንጥቅ ይታያል። ስንጥቁ በሚቀጥለው ክረምት ይሰፋል፤ ከዚያ በኋላ በሚመጣው ክረምት የመንገዱ ትከሻ ከነዛፉ ወደ ጅረቱ ይወርዳል።

በዚህ ጊዜ የሚሰጠው የተለመደ ምላሽ በተናደው ቦታ ላይ የድንጋይ ግንብ መገንባት ወይም ጋቢዮን መደርደር ነው። ምላሹ ፈጣን ነው፤ ለዐይንም ይታያል፤ በጀት ለመጠየቅም ይመቻል። ሆኖም ግንቡ በጥቂት ክረምቶች ውስጥ እግሩ ተቦርቡሮ ሲዘም ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ይህ ጽሑፍ ምክንያቱን ለማብራራት ይሞክራል። የሚያቀርበው መከራከሪያም የመንገዱ መፍረስ ራሱን የቻለ ችግር ሳይሆን የጅረቱ ወለል ዝቅ የማለቱ ውጤት ነው፤ ወለሉ ዝቅ እንዲል ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ደግሞ ራሱ መንገዱ ነው የሚል ነው። ስለዚህ ጥገናው ከመንገዱ ውኃ ተነሥቶ፣ በጅረቱ ወለልና በዳርቻው በኩል አልፎ፣ በመጨረሻ ወደ ግንቡ መድረስ ይኖርበታል።

የቦታው ጠባይ

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን የሚገኘው የእንጦጦ ተራራ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው። ከፍታው 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ጀርባው የአዋሽንና የዓባይን ተፋሰሶች የሚለይ ውኃ ከፋይ ነው። በደቡብ በኩል የሚወርዱት ጅረቶች እንደ ቀበና ያሉትን ወንዞች እየሞሉ ከተማዋን አቋርጠው ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤልና ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። በዚሁ ተዳፋት ላይ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልና እ.ኤ.አ. በ2020 የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ይገኛሉ። እንግዲህ እዚያ ላይ የሚቦረቦር ጅረት የመናፈሻ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ታጥቦ የሚወርደው አፈር በከተማው ውስጥ የድልድዮችን ሥር ይሞላል፤ ጎርፉም በወንዝ ዳር ጠባብ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ሰዎችን ደጃፍ ያንኳኳል።

የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ በአማካይ ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። በነሐሴ አፈሩ ጠግቦ ስለሚቆይ፣ በሰኔ መጀመሪያ ቢሆን መሬት ውስጥ ይሰርግ የነበረው ዝናብ በዚህ ወር በአብዛኛው በገጽ ላይ ይፈሳል።

ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተተከለው ባሕር ዛፍ ተራራውን አረንጓዴ አልብሶታል። ይሁን እንጂ ከሩቅ ሲታይ ደን የሚመስል ቦታ ሁሉ ውኃን በማስረግ ረገድ የደንን ሥራ ይሠራል ማለት አይደለም። ከባሕር ዛፍ ሥር የሚረግፈው ቅጠል ለማገዶ ተጠርጎ ይወሰዳል፤ ከባድ ሸክም ተሸክመው በዚያ ቁልቁለት የሚወርዱት ሴቶች የዕለት ጉርሳቸው በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው። ቅጠሉ በተጠረገበት ቦታ የዝናቡ ጠብታ የሚያርፈው በባዶ አፈር ላይ ነው፤ አፈሩ ገጹ ይደፈናል፤ ውኃውም መስረጉን ትቶ መሮጥ ይጀምራል። ጥፋቱን በሴቶቹ ላይ መጫን ግን ሚዛናዊ አይሆንም፤ እነሱ የሚሄዱበት ቀጭን የእግር መንገድ ከአንድ የአስፋልት መንገድ ጋር ሲነጻጸር በጅረቱ ላይ የሚያደርሰው ጫና አነስተኛ ነው።

መንገዱ እንደ ጅረት

መንገድ በተዳፋት ላይ ሲሠራ አዲስ ጅረት ተፈጠረ ማለት ነው። በቀላል ስሌት እንየው። አንድ ኪሎ ሜትር ርዝመትና 7 ሜትር ስፋት ያለው አስፋልት 7,000 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር በሚደርስ ኃይለኛ ዝናብ ጊዜ፣ ከወረደበት ውኃ 90 በመቶው ወደ መንገድ ዳር ቦይ ቢገባ በሴኮንድ 105 ሊትር ይሆናል። በዚያው ስፋት ላይ መሬቱን የሸፈነ ጥሩ ደን ቢኖርና ከወረደበት 20 በመቶውን ብቻ ቢለቅ፣ መጠኑ 23 ሊትር ገደማ ነው። በተጨማሪም መንገዱ ተራራውን ቆርጦ ሲያልፍ፣ ከላይ በገጽ የሚመጣውን ጎርፍና በአፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ይወርድ የነበረውን እርጥበት ጭምር በቦዩ ይሰበስባል። ቀድሞ በመቶ ቦታ ተበትኖ ይወርድ የነበረው ውኃ በአንድ ቱቦ አፍ ይወጣል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ያን ኒሰን እና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ1993 እና በ1994 የተሠራውን የመቀሌ–ዓድዋ መንገድ መርምረዋል። 6.5 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው የጥናት ክፍል ላይ መንገዱ ከተሠራ በኋላ ከመንገዱ ሥር ወዲያውኑ 9 አዳዲስ ቦረቦሮች፣ ከ100 እስከ 500 ሜትር ወረድ ብሎ ደግሞ ሌሎች 7 መፈጠራቸውን መዝግበዋል። ምክንያቶቹን ሲዘረዝሩም የጎርፉን በአንድ ቦታ መከማቸት፣ ውኃው ከራሱ ተፋሰስ ወጥቶ ወደ ሌላ መቀልበሱንና የተፋሰሱን ስፋት መጨመር ጠቅሰዋል። ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚስበው ግን የቁልቁለቱ ጉዳይ ነው። መንገድ ባልነካቸው ቦታዎች የቦረቦር ራስ የሚገኝበት ቁልቁለት ከፍ ያለ ሲሆን፣ መንገዱ ባስከተላቸው ቦረቦሮች ግን በአማካይ 15 በመቶ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ከመንገድ የሚወጣው ውኃ ቀድሞ ለመቦርቦር በማያሰጋ ለዘብ ያለ መሬት ላይ እንኳ ቦረቦር ማስነሣት ችሏል።

ጥናቱ በመንገዱ በራሱ ላይ የደረሰው ጉዳት አነስተኛ እንደነበረ፣ ከመንገዱ ውጭ የደረሰው ግን ከባድ እንደነበረ ያስረዳል። ይህ በገበሬው ማሳ ላይ ላለፈው መንገድ እውነት ነው። በመናፈሻ ውስጥ ግን መንገዱ እየተጠማዘዘ ያንኑ ጅረት ደግሞ ደጋግሞ ስለሚያገኘው፣ ከላይኛው ጥምዝ የወጣው ውኃ የፈጠረው ቦረቦር የታችኛውን ጥምዝ ይበላል። መንገዱ የላከው ውኃ ዞሮ ወደ ራሱ ይመለሳል።

ወለሉ ሲወርድ

ጅረት የሚሸከመው ውኃና የሚሸከመው ደለል በሚዛን የተያያዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1955 ሌን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ይህን ግንኙነት በሚዛን መልክ አስቀምጦታል፤ በአንደኛው ወገን የውኃው መጠንና ቁልቁለቱ፣ በሌላው ወገን የደለሉ መጠንና የእህሉ ውፍረት ይቀመጣሉ። ውኃው ሲጨምር ሚዛኑ የሚስተካከለው ጅረቱ ከራሱ ወለል አፈርና ድንጋይ ሲወስድ ነው። ከአስፋልትና ከቱቦ የሚወጣ ውኃ ብዙ ነው፤ ደለል ግን አልያዘም። ስለዚህ የተራበ ውኃ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚበላውን የሚያገኘው ከቱቦው አፍ ሥር ነው።

በዚያ የሚጀምረው ጉድጓድ በአንድ ቦታ አይቆምም። ትንሽ ፏፏቴ ይሠራል፤ የፏፏቴው ከንፈር እየተቆረሰ ወደ ላይ ይጓዛል። ይህ የቦረቦር ራስ የሚባለው ነው። ራሱ ባለፈበት ሁሉ ወለሉ በአንድ ወይም በሁለት ሜትር ዝቅ ብሎ ይቀራል። ሹም፣ ሃርቪና ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ1984 ባቀረቡት የጅረት ለውጥ ሞዴል መሠረት ሂደቱ ተራ አለው፤ መጀመሪያ ወለሉ ይወርዳል፣ ቀጥሎ የዳርቻው ቁመት ከሚችለው በላይ ሲሆን ይናዳል፣ ጅረቱ ይሰፋል፣ በሰፋው ውስጥ ደለል መተኛት ይጀምራል፣ በመጨረሻም ከቀድሞው ዝቅ ባለ ደረጃ አዲስ ትንሽ ጅረት ይረጋል። ለመሐንዲሱ ትልቁ ጥያቄ እንግዲህ ጅረቱ ከነዚህ ደረጃዎች በየትኛው ላይ እንደሚገኝ ማወቅ ነው። ወለሉ ገና እየወረደ ባለበት ጊዜ ዳርቻውን በድንጋይ ማልበስ፣ መሠረቱ እየተቆፈረ ያለን ቤት ግድግዳ እንደ መቀባት ይቆጠራል።

ወለሉ መውረዱ ሌላም መዘዝ አለው። ጤናማ ጅረት ሲሞላ በግራና በቀኝ ባለው ሜዳ ላይ ይንሰራፋል፤ ጥልቀቱ አይጨምርም። የተቆረጠ ጅረት ግን ጎርፉን ሁሉ በውስጡ ይይዛል። ውኃ ወለሉን የሚጎትትበት ኃይል በጥልቀቱና በቁልቁለቱ ብዜት ይወሰናል። ቁልቁለቱ 4 በመቶ በሆነ ጅረት ውስጥ ውኃው 35 ሳንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ይዞ ቢንሰራፋ ኃይሉ 137 ፓስካል ገደማ ነው። ያው ጎርፍ በጠባብ ገደል ተይዞ ጥልቀቱ 1.2 ሜትር ቢደርስ 471 ፓስካል ይሆናል። የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ኮር እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ሰንጠረዥ መሠረት፣ ረጅም የሀገር በቀል ሣር ከ57 እስከ 81 ፓስካል፣ በግንዱ የተተከለና የጸደቀ አኸያ መሰል ተክል ከ100 እስከ 150 ፓስካል፣ ጋቢዮን ደግሞ 480 ፓስካል ገደማ ይቋቋማል። ሁለቱን ስንጎራብታቸው ነገሩ ግልጽ ይሆናል፦ ውኃው መንሰራፊያ ባገኘበት ቦታ የሕያው ተክል ሥር ይበቃዋል፤ በተቆረጠው ገደል ውስጥ ግን ጋቢዮን እንኳ በአቅሙ ጫፍ ላይ ይቆማል።

ዳርቻው የሚናደው ጎርፉ በመጣበት ሰዓት ብቻ አይደለም። ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ በሚገኘው ደብረ ማዊ ተፋሰስ ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ የከርሰ ምድር ውኃው ከቦረቦሩ ወለል በላይ ከፍ ብሎ በሚቆምበት ቦታ ዳርቻው እየጠገበ በራሱ ክብደት እንደሚንሸራተት አሳይተዋል። ከቦረቦሩ የወጣው አፈርም ከማሳው በስስ ታጥቦ ከሚሄደው ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። በተራራ ላይ ባለው ቀይ ሸክላማ አፈርና በደብረ ማዊ ሸለቆ አፈር መካከል ልዩነት ቢኖርም፣ መርሁ አንድ ነው። ደረቅ አፈር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የጠገበ አፈር ግን ክብደቱ ይጨምራል፣ መያያዣው ይላላል። የመንገዱ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ከዝናቡ ማግስት፣ ጎርፉ ጎድሎ ዳርቻው ገና እርጥብ ሳለ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይደግፈው የነበረው የጎርፉ ውኃ ሄዷል፣ በውስጡ ያለው ግን አልወጣም።

ከውኃው መጀመር

ጥገናው በመንገዱ ውኃ ይጀመር ስንል፣ በአንድ ትልቅ ቱቦ የሚወጣውን ውኃ በብዙ ትናንሽ መውጫዎች መበተን ማለታችን ነው። መንገዱ ወደ ውጭ በጥቂቱ እንዲያዘነብል ከተደረገና በየተወሰነ ርቀት ገባ ያለ አግድም ማቋረጫ ከተበጀለት፣ ውኃው በቦዩ ውስጥ ጉልበት ሳያበጅ ይወጣል። መውጫው የሚገኝበት ቦታ ድንጋያማ ወይም በሣር የተሸፈነ መሆን አለበት እንጂ ወደ አዲስ ገላጣ መሬት መለቀቅ የለበትም። ከጅረቱ ጋር የግድ የሚገናኘው ቱቦም አፉ ከጅረቱ ወለል በላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር፣ ከሥሩ ጉልበት የሚያደክም የድንጋይ ንጣፍ ያስፈልገዋል። ይህ የሥራው ርካሹ ክፍል ነው። ሆኖም በጥገና ሰነዶች ውስጥ ከሁሉ የሚረሳው እሱ ይመስለኛል፤ ምናልባት ሲመረቅ ፎቶግራፍ የሚነሣ ነገር ስለሌለው ይሆናል።

ወለሉን መያዝና ማንሣት

ቀጥሎ የሚመጣው ወለሉን መያዝ ነው። በሀገራችን የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ለዚህ የምንጠቀምበት መሣሪያ ክትር ነው፤ በደረቅ ድንጋይ፣ በጋቢዮን ወይም በእንጨት ሊሠራ ይችላል። የክትር ሥራ ውኃን ማቆም አይደለም። የሚወርደውን ውኃ በደረጃ እያወረደ ቁልቁለቱን ማለዘብና ደለል በኋላው እንዲተኛ ማድረግ ነው።

በክትሮች መካከል ያለው ርቀት በዘፈቀደ አይወሰንም። የታችኛው ክትር መፍሰሻ ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል እንዲሆን ከተፈለገ፣ ቁልቁለቱ 6 በመቶ በሆነ ጅረት ውስጥ 1 ሜትር ቁመት ያላቸው ክትሮች በየ16.7 ሜትሩ መቀመጥ አለባቸው። የሚተኛው ደለል ራሱ 2 በመቶ ያህል ቁልቁለት ይይዛል ብለን ብንወስድ ርቀቱ ወደ 25 ሜትር ከፍ ይላል። በ200 ሜትር ጅረት ላይ የ12 እና የ8 ክትሮች ልዩነት ነው። ከዚህ በላይ አራርቆ መሥራት ግን ቁጠባ አይሆንም፤ በሁለቱ መካከል የቀረው ወለል መቆረጡን ይቀጥልና የላይኛውን ክትር ከእግሩ ይጥለዋል።

ክትር የሚፈርስባቸው መንገዶች ጥቂትና የታወቁ ናቸው። አንደኛው ከፊቱ የሚወድቀው ውኃ እግሩን ሲቆፍር ነው፤ መድኃኒቱ ከሥሩ የሚነጠፍ ድንጋይ ነው። ሌላው ውኃው በጎኑ ዞሮ ሲያልፍ ነው። ለዚህም ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ ክንፎቹ በሁለቱ ዳርቻዎች ውስጥ ጠልቀው መግባት አለባቸው፤ መሐሉ ደግሞ ከክንፎቹ ዝቅ ብሎ መፍሰሻ ሊኖረው ይገባል። ከላይ ጠፍጣፋ ሆኖ የተሠራ ጋቢዮን ውኃውን ወደ ዳርቻ ይገፋዋል፤ ዳርቻው ለስላሳ ስለ ሆነ ውኃው የሚመርጠው እሱን ነው። እንዲህ ከሆነ ከአንድ ክረምት በኋላ ጋቢዮኑ በጅረቱ መሐል ብቻውን ቆሞ፣ ጅረቱ ግን በጎኑ አዲስ መንገድ አውጥቶ ይገኛል። ሦስተኛው በሥሩ ውስጥ ለውስጥ የሚደረገው መቦርቦር ሲሆን፣ ጋቢዮኑ በባዶ አፈር ላይ ሳይሆን ውኃ አስተላልፎ አፈር በሚይዝ ጨርቅ ወይም በጠጠር ንጣፍ ላይ እንዲያርፍ በማድረግ ይከላከሉታል።

ወለሉን መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ወደ ቀድሞ ከፍታው መመለስ ግን ሌላ ነው። ለዚህ ሁለተኛው አማራጭ ጠቃሚ ምሳሌ የሚገኘው ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ከተማ ነው። እዚያ ያለው የሮክ ክሪክ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1890 የተቋቋመ ሲሆን፣ በሸለቆው ውስጥ ከወንዙ ጋር እየተጠማዘዘ የሚሄድ መንገድ አለው። ከአካባቢው ሰፈሮች የዝናብ ውኃ ማስወገጃ ቱቦዎች የሚወጣው ጎርፍ ወደ ወንዙ የሚገቡትን ትናንሽ ጅረቶች ቆርጦ ገደል አድርጓቸው ነበር። የከተማው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ቢንግሃም ረን እና ሚልክሃውስ ረን በተባሉት ጅረቶች ላይ የተከተለው ዘዴ ገደሉን በግንብ ከመደገፍ ይልቅ መሙላት ነው። የተቆረጠው ወለል በአሸዋና በእንጨት ፍቅፋቂ ድብልቅ ተሞልቶ፣ ከላዩ ኩሬዎችና የድንጋይ ደረጃዎች እየተፈራረቁ ተሠሩ። ትንሽ ዝናብ በኩሬዎቹ ውስጥ ተይዞ በአሸዋው በኩል ይሰርጋል፤ ትልቁ ጎርፍ ደረጃ በደረጃ እየተሰበረ ይወርዳል፤ ውኃውም ከወለሉ መነሣት የተነሣ እንደገና ወደ ጎን መንሰራፋት ይችላል።

ዘዴውን እንዳለ ወደ እንጦጦ እናምጣ ማለት አይቻልም። የአሸዋ ዋጋ፣ የቁልቁለቱ መበርታትና የዝናቡ በጥቂት ወራት መጠራቀም ልዩነት ያመጣሉ። ሐሳቡ ግን ይሠራል፤ የእኛ ክትሮች ቀስ በቀስ የሚያደርጉትን እሱ በአንድ ጊዜ ያደርገዋል። በቅርብ ተቀምጠው በየዓመቱ ደለላቸውን እየሞሉ፣ ሲሞሉም አንድ ረድፍ እየተጨመረባቸው ከፍ የሚደረጉ ክትሮች በዓመታት ውስጥ ወለሉን ሊያነሡ ይችላሉ። ልዩነቱ ይህኛው መንገድ ትዕግሥትና በየዓመቱ የማይቋረጥ አነስተኛ በጀት መፈለጉ ነው።

ዳርቻው፦ የተክል ድርሻ

ወለሉ ከተያዘ በኋላ ተክል ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ ከዚያ በፊት ግን ድካሙ ከንቱ ነው። እግሩ በተቦረቦረ ቀጥ ያለ ዳርቻ አናት ላይ ዛፍ መትከል ለናዳው ክብደት መጨመር ነው፤ በክረምት ወደ ጅረት የተጋደመ ዛፍ ሁሉ ይህን ይመሰክራል። መጀመሪያ ዳርቻው ሊለዝብ ይገባዋል፤ ለምሳሌ ለአንድ ሜትር ቁመት ሁለት ሜትር አግድም እንዲሆን ተደርጎ ይስተካከላል። ቀጥሎ እግሩ በድንጋይ ይያዛል። ከዚያ በላይ ያለው የተክል ድርሻ ነው።

ለዚህ ሥራ ከውጭ የሚመጣ ነገር ብዙ አያስፈልገንም። አኸያ በደጋ ወንዞቻችን ዳር የሚበቅል ሀገር በቀል ተክል ነው፤ ከእርጥብ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል ሥር ይሰዳል፤ ቅርንጫፉ ስለሚተጣጠፍም ጎርፍ ሲመጣ ተኝቶ ያሳልፈዋል። ከውኃው መስመር ከፍ ብሎ የደጋ ቀርከሃ፣ ወደ ላይ ራቅ ሲባል ደግሞ ወይራና ጽድ ሊከተሉ ይችላሉ። ቬቲቨር ሣርም ረጅም ሥሩ በመንገድ ተዳፋቶች ላይ የሚመረጥ ቢሆንም፣ ሙቀት ወዳድ ስለ ሆነ በእንጦጦ ከፍታ ላይ እንደ ቆላው ይሆናል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ባሕር ዛፉን በአንድ ጊዜ መንቀልም አደገኛ ነው። የቆረጡት ዛፍ ሥር ሲበሰብስ ይይዘው የነበረው አፈር ይላላል፤ ስለዚህ ሀገር በቀሉ ሥር እስኪሰድድ ድረስ በየተራው መተካት ይመረጣል።

በመጨረሻ ግንቡ

አሁን ወደ መንገዱ መመለስ ይቻላል። ጅረቱ ተነሥቶና ዳርቻው ለዝቦም መንገዱ በቂ ቦታ ካላገኘ ደጋፊ ግንብ የግድ ይሆናል። የግንቡ መሠረት ጅረቱ በጎርፍ ጊዜ ሊቆፍረው ከሚችለው ጥልቀት በታች መውረድ አለበት። ይህን ጥልቀት መገመት የሚቻለውም ወለሉ መውረዱን ካቆመ ብቻ ነው፤ በየዓመቱ ለሚወርድ ወለል በቂ የሆነ መሠረት የለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከግንቡ ኋላ ያለው ውኃ ነው። ቁመቱ 3 ሜትር በሆነ ግንብ ኋላ ውኃ እስከ አናቱ ቢጠራቀም፣ ውኃው ብቻውን በእያንዳንዱ ሜትር የግንብ ርዝመት ላይ 44 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ወደ 4.5 ቶን የሚጠጋ ግፊት ያደርሳል፤ የአፈሩ ግፊት ከዚህ ተለይቶ ይታሰባል። ስለዚህ ከግንቡ ኋላ የጠጠር ንጣፍና ውኃ ማውጫ ቀዳዳዎች ሊኖሩ ይገባል። ጋቢዮን በዚህ ረገድ ከሲሚንቶ ግንብ ይሻላል፤ ውኃ ያሳልፋል፣ መሬቱ ትንሽ ቢንቀሳቀስም ይታጠፋል እንጂ አይሰነጠቅም። ድክመቱ ሽቦው ነው። በሚንከባለል ድንጋይ እየተመታ ይበጠሳል፤ ለሌላ አገልግሎት ተቆርጦ የሚወሰድበትም ጊዜ አለ።

አንዳንድ ጊዜ ከግንቡ የሚሻለው መንገዱን ማንሣት ነው። ይህ እንደ ሽንፈት መታየት የለበትም። በዓለም ቅርስነት እ.ኤ.አ. በ1978 የተመዘገበውና በ1996 በአደጋ ላይ ከሚገኙ ቅርሶች መዝገብ የገባው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2017 ከዚያ መዝገብ ሲወጣ፣ ከተጠቀሱት መሻሻሎች አንዱ ፓርኩን ለሚያቋርጠው መንገድ አማራጭ መሠራቱ ነበር። እዚያ ምክንያቱ የዱር እንስሳቱ ጸጥታ እንጂ የጅረት መቦርቦር አልነበረም። ነገር ግን በአንድ መናፈሻ ውስጥ መንገድ የት መሆን እንዳለበት መጠየቅ እንደሚቻል ያሳያል። ጅረቱን ተከትሎ ለሚሄድ መንገድ ከዳርቻው በጥቂት ሜትሮች ፈቀቅ ማለት እንኳ ከ3 ሜትር ግንብ ይልቅ ሊረክስ ይችላል፤ ይህ ስሌት ግንቡ ከመነደፉ በፊት መሠራት ይኖርበታል።

የጊዜው ነገር

ከላይ የተዘረዘረው ሥራ ሁሉ የሚሠራበት ወቅት ጠባብ ነው። ክትሩም ግንቡም ውኃው በጎደለበት ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ችግኙ ደግሞ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ይተከላል። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚከፈተው ግን ሐምሌ 1 ቀን፣ ክረምቱ በገባበት ሰሞን ነው። ጨረታው፣ ውሉና ርክክቡ ጊዜ ወስደው ሥራው ወደ መጋቢት ከተገፋ፣ የበልጉ ዝናብ ያልተጠናቀቀውን ክትር ያገኘዋል። ግማሹ የተሠራ ክትር ደግሞ ከማይሠራው ይብሳል፤ ውኃውን ወደ አንድ ወገን አዙሮ የሚሰድበት እንቅፋት ስለሚሆን ነው። ስለዚህ ጥናቱና ጨረታው ከአንድ ዓመት በፊት በክረምቱ ወቅት ቢካሄዱ ይመረጣል። ክረምት ጎርፉ እስከ ምን ከፍታ እንደሚደርስ በዐይን የሚታይበት፣ የንድፉም መረጃ የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው።

ከሥራው በኋላ የሚያስፈልገው መለኪያ ውድ አይደለም። በጅረቱ ርዝመት በየ25 ሜትሩ በሁለቱም ዳርቻ ላይ ከናዳው ርቀው የሚተከሉ የብረት ምሰሶዎች፣ በመካከላቸው የሚዘረጋ ገመድና ከገመዱ እስከ ወለሉ የሚወርድ መለኪያ ዘንግ ይበቃሉ። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ ጎርፉ እንዳበቃ፣ ያው መስመር ይለካል። ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ካደገ ወለሉ አሁንም እየወረደ ነው፤ ክትሮቹ መቀራረብ አለባቸው፤ ግንቡም ገና መጀመር የለበትም። ቁጥሩ ካነሰ ደለሉ መተኛት ጀምሯል፤ ቀጣዩ ረድፍ ድንጋይ የሚጨመርበት ጊዜ ደርሷል።